የፈረንጅ እንሰት

በዕድሜዬ አንድም ተክል አሳድጌ አላውቅም። ይህን የምለው ልመጻደቅ ሳይሆን ልናዘዝ ነው። ባለቤቴ ጓሮ የተከለችው ጤና አዳም እንኳ የደረቀው እኔ ውኃ የማጠጣቱን ኃላፊነት በወሰድኩበት ሰሞን ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ያንተ እጅ ለመጽሐፍ እንጂ ለአፈር አልተፈጠረም» ትለኝ ነበር። ሙገሳ መስሎኝ ስኩራራበት ኖሬ፣ ነቀፋ መሆኑ የገባኝ ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ልጃችን ለትምህርት ወደ ካናዳ ልትሄድ ሻንጣዋን በምታሰናዳበት ሳምንት፣ መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ልጆች አንድ አበባ ገዝታ መጣች። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ረዘም ረዘም ያለ ነው። ቅጠሎቹ ዙሪያውን ተደራርበው መሐላቸው እንደ ዋንጫ ጎድጉዷል። ከዋንጫው መካከል ደግሞ እንደ ችቦ የቆመ ደማቅ ቀይ ነገር ወጥቷል። ሳሎን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችውና፣ «አባዬ፣ ስናፍቅህ እሱን እያየህ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ብቻ አደራ፣ እንዳትገድለው!»

አደራ ከባድ ነገር ነው። ልጅቷ በሄደች በማግስቱ ሥራዬን ጀመርኩ። ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ ውኃ አፈሩ ላይ አፈሳለሁ። ፍቅር በኩባያ የሚለካ ይመስል አንዳንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይም እደግመዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ መሆን ጀመሩ። ከአፈሩም የረግረግ ሽታ መጣ።

ቤታችን ውስጥ የምትሠራ ልጅ አለች። ስሟን አልጽፍም፤ «ጋሼ፣ ጋዜጣ ላይ እንዳያወጡኝ» ብላኛለች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ደላላ አምጥቷት ከእኛ ጋር ስትኖር ይኸው አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ማታ ማታ ትማራለች፤ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። የጉራጌ ገጠር ልጅ ናት። አንድ ጠዋት ኩባያዬን ይዤ ስመጣ ወለል እየወለወለች አየችኝና መወልወያዋን አቆመች።

«ጋሼ፣ ለምን እግሩን ያጠጡታል? አፉ እዚህ አይደል እንዴ!» ብላ ጣቷን መሐሉ ካለው ጎድጓዳ ውስጥ ከተተች።

«የምን አፍ?»

«ዝናብ ሲመጣ ቅጠሉ ውኃውን ወደዚህ ነው የሚያወርደው። እንሰትም እንዲህ ነው፤ ቅጠሉ ሥር ውኃ ይይዛል። ይሄ የፈረንጅ እንሰት ነው።»

ሳቅኩ። ተማሪ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ አስተማሪ የሚስቃት አንዲት ሳቅ አለች፤ እሷን ነው የሳቅኩት። ከዚያ ስህተቷን በማስረጃ ላሳያት ወደ መጻሕፍቱ ገባሁ። ሃያ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው አመሉ ይኼው ነው፤ አበባ ቢታመምበት እንኳ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ገጽ ነው።

የአበባው ወገን ብሮሚሊያድ ይባላል። ስሙ የተወሰደው ከስዊድናዊው ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ ከኦሎፍ ብሮሜሊየስ (1639–1705 እ.ኤ.አ.) ነው። ከ3 ሺህ በላይ ዝርያ አለው። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ፣ ጊኒ ላይ፣ ለብቻው ከሚገኝ አንድ ዝርያ በስተቀር የሁሉም አገር አሜሪካ ነው፤ በተለይም የመካከለኛውና የደቡቡ ክፍል። የእኛ ቤቱ ጉዝማኒያ የሚባለው ነው። «እኔ ብሮሚሊያድ የሚባል አላውቅም» የሚል አንባቢ ካለ ግን ይታረም። በልቶታል። አናናስ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ኮሎምቦስ በ1493 እ.ኤ.አ. ጓዴሎፕ ደሴት ላይ ያገኘው፣ ኋላም በየአገሩ የተሠራጨው፣ ዛሬ በየጭማቂ ቤቱ የምንጠጣው አናናስ የእኔ የሳሎን አበባ የሥጋ ዘመድ ነው። የአናናሱን አናት ላይ ያለውን የቅጠል ጉንጉን ያስተዋለ ሰው ዝምድናው ወዲያው ይታየዋል።

አሁን ወደ ክርክራችን። ብዙዎቹ ብሮሚሊያዶች በዱር የሚኖሩት መሬት ላይ ሳይሆን ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው ነው። ዛፉን ግን አይመጡትም፤ ይቀመጡበታል እንጂ። ሥራቸው ዋነኛ ሥራው ቆንጥጦ መያዝ ነው። ውኃውንና ምግቡን የሚያገኙት በቅጠላቸው ነው። ዝናቡ በቅጠሉ ተንሸራቶ መሐል ባለው ዋንጫ ይጠራቀማል፤ የረገፈ ቅጠልና የሞተ ነፍሳት እዚያው ይበሰብሳል፤ ተክሉ ከዚያ ይመገባል። በአሜሪካ ሞቃት ደኖች ውስጥማ አንዳንድ እንቁራሪቶች ልጆቻቸውን በጀርባቸው ተሸክመው እዚያች ዋንጫ ውስጥ ወስደው ያሳድጋሉ ይባላል። ዛፍ ላይ የተንጠለጠለች ኩሬ ማለት ናት።

በአጭሩ ልጅቷ ትክክል ነበረች። እርግጥ ነው፣ እንሰትና ብሮሚሊያድ በዘር አይገናኙም፤ እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው። ይህችን እርማት ይዤ ወጥ ቤት ሄጄ ነገርኳት። «እሺ ጋሼ» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። አበባውን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በእሷ ሕግ ነው የያዝኩት።

ሕጉ ብዙ አይደለም። ውኃ ዋንጫው ውስጥ ይደረጋል፤ እስከ አፉ መሙላት አያስፈልግም። እንዳይሸት፣ ትንኝም እንዳይራባበት በሳምንት አንዴ ተደፍቶ ይቀየራል። አፈሩ ሲነካ ረጠብ ያለ እንጂ የጨቀየ መሆን የለበትም። የቧንቧ ውኃ ከሆነ አድሮ ቢሰጠው ይሻላል፤ የዝናብ ውኃ ከተገኘ ግን እሱን የሚያህል የለም። ስለዚህ ክረምቱን ግቢያችን መሐል የፕላስቲክ ባልዲ ተደቅኖ ይውላል። የብረት ዕቃ፣ በተለይ መዳብ፣ አይወድም። ብርሃን ይፈልጋል፤ የቀትር ፀሐይ ግን ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ብርድ ጠላቱ ነው። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት መስኮት ሥር ለሚያድር የሞቃት አገር ተክል ቀልድ ስላልሆነ፣ በእነዚያ ወራት ማታ ማታ ወደ መጻሕፍት መደርደሪያው እናስጠጋው ነበር። እዚያ ሆኖ ሳየው እኔም ከሚያነቡት ወገን ያገኘሁት ጓደኛ ይመስለኝ ነበር።

ከጥር በኋላ ግን ቀዩ ችቦ መደብዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ ጫፉ ጠቆረ፤ ከዚያ ወደ ቡናማ ዞረ። ልጄ በየእሑዱ ትደውላለች፤ «አበባዬስ?» ትላለች። «አለ፣ ደህና ነው!» እላለሁ። አንድ ቀን በቪዲዮ ደውላ «እስቲ አሳየኝ» ስትል መብራት ጠፋ አልኳት። መብራት አልጠፋም ነበር። አስተማሪ ሆኜ ተማሪዎቼ «አያቴ ሞተችብኝ» እያሉ ፈተና ሲያራዝሙ ምን ያህል እንደምናደድ ሳስታውስ በራሴ አፈርኩ።

ሮጬ ወደ ችግኝ ሻጩ ሄድኩ። «ፋዘር፣ አንዴ ካበበ በቃ፣ አለቀለት» አለኝ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። «ይጣሉትና ሌላ ይውሰዱ። ቢጫም አለ።»

ነገሩ ከፊሉ እውነት ነው። አንድ የብሮሚሊያድ ተክል የሚያብበው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደግሞም ያ ቀዩ ነገር ራሱ አበባ አይደለም፤ ቀለም የገባ ቅጠል ነው። እውነተኞቹ አበቦች በመካከሉ ብቅ ብለው ቶሎ የሚጠወልጉ ትንንሾች ናቸው። እኛ ለወራት የምናደንቀው አጃቢውን ነው ማለት ነው። ሌላም ነገር አነበብኩ። አምራቾቹ ተክሉን ለገበያ ቀን ሊያደርሱት ሲፈልጉ በጋዝ ያስገድዱታል፤ ኤትሊን ይባላል። ፍራፍሬ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ ነው። ለዚህ ነው ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ያላበበ ብሮሚሊያድን ከበሰለ ፖም ጋር ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሥር ቀን ያህል አፍነው እንዲያብብ የሚያደርጉት። የአዞረስ ደሴቶች የአናናስ ገበሬዎች ደግሞ በመስታወት ቤታቸው ውስጥ ጭስ እያጨሱ ያንኑ ያደርጉ ነበር፤ ጭስም ኤትሊን አለው። እንግዲህ እኛ ሳሎን ድረስ የሚመጣው አበባ ብዙውን ጊዜ ራሱ በመረጠው ቀን ያበበ አይደለም። እንዲያብብ ተደርጎ፣ ሲያምር ተሽጦ፣ ሲደበዝዝ «አለቀለት» የሚባል ነው።

ሐዘኔን ይዤ ቤት ገባሁና አበባውን ወደ ቆሻሻው ቅርጫት ሳነሳው ልጅቷ ከእጄ ነጠቀችኝ። እውነቴን ነው፣ ነጠቀችኝ።

«ጋሼ! ልጆቿንስ?»

የታችኛውን ቅጠል ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ከግንዱ ሥር፣ ከእናትየው ጋር ተጣብቀው፣ አውራ ጣት የሚያካክሉ ሁለት አረንጓዴ ነገሮች ብቅ ብለዋል። «እናትየው አልሞተችም። ያላትን ለእነሱ እየሰጠች ነው» አለችኝ። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው። ተክሉ ካበበ በኋላ ወደ ላይ ማደጉን ያቆማል፤ ጉልበቱን ከሥሩ ለሚያወጣቸው ልጆች ያውላል። እናትየዋ ቀስ ብላ፣ አንዳንዴ ከአንድ ዓመት በላይ ወስዶባት፣ ትደርቃለች። በእነዚያ ወራት ሁሉ ውኃዋ ሊቋረጥባት አይገባም። የምታጠባ ናትና።

ግንቦት ላይ ልጆቹ አንድ ስንዝር ሲሞሉ ትዕግሥቴ አለቀ። ሁለት አዳዲስ መትከያ ገዝቼ፣ አሸዋና የእንጨት ቅርፊት የገባበት አፈር አዘጋጅቼ፣ ቢላ ስዬ ቀረብኩ።

«ገና ነው ጋሼ።»

«ይኸው አድገው የለም እንዴ?»

«የእናታቸውን ግማሽ አልደረሱም። አሁን ቢለይዋቸው የሚበሉትን ከየት ያመጣሉ? የራሳቸው ሥር የላቸውም።»

መጽሐፉ «ከሲሶ እስከ ግማሽ» ይላል። ሲሶውንም ገና አልሞሉም ነበር። ቢላውን አስቀመጥኩ። እሷ ግን ጨዋታው ስለመጣላት ይሁን ወይም አገሯ ትዝ ብሏት፣ ስለ እንሰት ታወራኝ ጀመር። «አባቴ ችግኝ ሲያፈላ እንሰቱን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ ይቆርጠዋል። መሐሉን ይወጋዋል። ከዚያ አፈር ያለብሰዋል። መሐሉ ካልተወጋ ልጅ አይሰጥም። ዝናብ ሲያገኝ ዙሪያውን ይፈላል፤ ከአንዱ ብዙ፣ በጣም ብዙ ይወጣል። ወዲያው ግን ቦታው ላይ አይተከልም። መጀመሪያ ቤት አጠገብ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ቦታ እየተዘዋወረ ነው የሚያድገው። በየደረጃው ስም አለው።»

በአገራችን ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ ኑሮው በእንሰት ላይ የቆመ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ ቆጮም በክትፎ እበላለሁ። የአንድ እንሰት አስተዳደግ እንዲህ ደረጃ በደረጃ መሆኑን ግን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በአራት ዓመት ውስጥ ጠይቄያት የማላውቀውን ጠየቅኳት።

«አንቺስ ከቤትሽ ስትወጪ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«አሥራ ሁለት» አለች። «የእናቴን ግማሽ ግን አልፌ ነበር» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም።

እኛ ቤት ከመምጣቷ በፊት ሁለት ቤት አገልግላለች። በመጀመሪያው ቤት ሕፃን ታዝል ነበር፤ ራሷ ሕፃን ሆና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን፣ ቁጥር 1156/2011፣ ዕድሜው 15 ያልሞላውን መቅጠር ይከለክላል። የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ግን በሌላ ደንብ እንዲታይ ይተወዋል። እኔ በሕግ ፊት ንጹሕ ነኝ፤ አሥራ ስድስት ሞልቷት ነው የመጣችው። ደግሞም አስተምራታለሁ፣ ደመወዟን አላጓድልም፣ «እንደ ልጃችን ናት» እላለሁ። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እኛ የተማርነው ሰዎች ምን ያህል እንደምንወዳት አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? «እንደ» የምትለዋ ቃል ስንት ነገር እንደምትሸፍን ሰዋስው ላስተማረ ሰው መንገር አያሻም።

የባሰው ደግሞ ይህ ነው። ባለፈው ዓመት ለመስቀል አገሯ ልትሄድ ፈቃድ ጠይቃን ነበር። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ መግባቱ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። እኛ ግን ልጃችን ከሄደች ወር እንኳ በቅጡ አልሞላትም። ባለቤቴ በለቅሶ ፊቷ አብጧል፤ ሊጠይቀን የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ቤቱ ጭር ብሎብናል። «በዚህ ሰዓት ጥለሽን ልትሄጂ? ለገና ትሄጃለሽ» አልናት። እሺ አለች። ለገናም እንግዳ ነበረብን። እንግዲህ አስቡት። ልጃችን ከእኛ ስለተለየች ከፋን፤ ስለከፋን ደግሞ የሌላ እናት ልጅ እናቷን እንዳታይ አደረግን። ይህንን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ጉዱ ካሣን ሃያ ዓመት ያስተማርኩት፣ «ሐዲስ ዓለማየሁ በዚህ ገጸ ባሕርይ አማካይነት የዘመኑን ሥርዓት እንዴት ይተቻሉ?» ብዬ ፈተና ያወጣሁት፣ ተማሪ ሲሳሳት ነጥብ የቀነስኩት።

በክረምቱ መጨረሻ ለልጄ እውነቱን ነገርኳት። «አበባሽ እየሞተ ነው» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ፣ «ልጅ አውጥቷል?» አለችኝ። «ሁለት» አልኩ። «ታዲያ ምን ሆነ ትላለህ!» ብላ ሳቀች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «አባዬ፣ ዘንድሮ መስቀል ትሄዳለች አይደል? ዓምና እኮ እናንተን ብላ ነው የቀረችው» አለችኝ። ካናዳ ያለችው ልጅ የምታውቀውን እኔ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኜ ልረሳው ሞክሬ ነበር።

መስከረም 13 ጠዋት ተሳፈረች። የዓመቱን ደመወዟን ካጠራቀመችው ላይ ለእናቷ ነጠላ፣ ለአባቷ ጃኬት ገዝታለች። ባለቤቴ ቅቤና ቡና ጨመረችላት። ልትወጣ ስትል ተመልሳ ሳሎን ገባችና ዋንጫውን አየች። «ውኃው ሲያረጅ ይቀይሩለት። ትንሾቹንም አሁን መለየት ይችላሉ፤ ደርሰዋል» አለችኝ።

የመስቀል ማግስት ለየኋቸው። ልጆቹ ከእናትየው ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ፈልጌ፣ በተቻለኝ መጠን ወደ እናትየው አስጠግቼ በተሳለ ቢላ ቆረጥኩ። ሁለቱም ከሥራቸው ክር የሚያካክል ሥር ጀምረዋል። ቁስሉ ጠገግ እንዲል አንድ ቀን አሳድሬ ተከልኳቸው፤ በጥልቁ ሳይሆን ቆመው እንዲይዙ ያህል ብቻ። እንዳይወድቁ በስንጥር ደገፍኳቸው። ዋንጫዋን ባትሞላም የየራሳቸው ትንሽ ዋንጫ አላቸው፤ ጥቂት ጥቂት ውኃ ጠብ አደረግኩበት። እናትየዋን አልጣልኳትም። ሌላ ልጅ ታወጣ እንደሆነ እያየሁ ነው፤ ባታወጣም መስኮቱ ሥር ለእሷ የሚሆን ቦታ አለ።

ልጅቷ ለአንድ ሳምንት ብላ ነበር የሄደችው። ይኸው ሦስተኛው ሳምንት ሊጋመስ ነው። ባለቤቴ «ደላላው ዘንድ እንደውል፤ ካልመጣች ሌላ ይፈልግልን» አለችኝ። «ትንሽ እንቆይ» አልኳት። ሳህን አጥባለሁ፤ ሰው ሊያየኝ ይችላል ብዬ መጋረጃውን መዝጋት ትቻለሁ። ወለሉን ስወለውልም የአበባው ሥር ምን ያህል አቧራ እንደሚሰበስብ አወቅኩ።

ትናንት ማታ ስልኬ ጮኸ። ከጀርባዋ የብዙ ሰው ድምፅ፣ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ውኃውን ቀየሩለት?»

«ቀየርኩ። ለየኋቸውም። ሁለቱም ቆመዋል።»

«ጎሽ!» አለችኝ። ተማሪ አስተማሪውን ጎሽ ሲል ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ከዚያ ትንሽ ዝም ተባባልን። «መቼ ነው የምትመጪው?» የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። የማታ ትምህርቷ እንዳያመልጣት ብዬ እንደምጠይቃት አድርጌ ላሳምረውም እችል ነበር። ዋጥኩት።

«እናትሽ ደህና ናት?» አልኳት።

«ደህና ናት» አለችኝ። «እዚሁ አጠገቤ ናት።»